“ተቃጥሏል” ከመባሉ በፊት
ስለ ኮምፒዩተር ገመዶችና ዕቃዎች ቤተሰብ ማወቅ የሚገባው

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ኮምፒዩተር የመሥሪያ ቤት ዕቃ ብቻ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ዩኒቨርሲቲ ለገባ ልጅ የትምህርት መሣሪያ ነው። ፎቶ ኮፒና ጽሑፍ ቤት ከፍቶ ወላጆቹን ለሚጦር ወጣት እንጀራው ነው። ለነጋዴውም የሂሳብ መዝገቡ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ የሚገዛው ያገለገለውን ነው፤ አለዚያም ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከውን ይጠቀማል። በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ብዙ ተመክሮበትና ተቆጥቦ ነው።

ታዲያ ይህ ዕቃ አንድ ቀን አልነሳ ሲል “ተቃጥሏል” ይባልና ጥግ ይይዛል፤ ወይም በርካሽ ይሸጣል። እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የላላ ገመድ፣ አቧራ የያዘው ራም ወይም የማይመጥን ቻርጀር ሙሉውን ዕቃ የሞተ ያስመስለዋል። የሚፈለገው ዕቃ በከተማው ካልተገኘ ደግሞ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ቡታጅራም ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ከአዲስ አበባ ይርቃሉ። የገመዱን ስም ሳያውቅ መርካቶ የደረሰ ሰው የማይሆነውን ገዝቶ ቢመለስ፣ ከገመዱ ዋጋ ይልቅ የትራንስፖርቱ ይበልጣል። ስለዚህ ስምንና ቅርጽን መለየት የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ገንዘብ ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ መብራቱ

የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው። በአሜሪካ ግን 120 ቮልት ነው። ከዚያ በመጣ አሮጌ ኮምፒዩተር ጀርባ፣ ከኃይል መግቢያው አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ቀይ ማብሪያ የመሰለ ነገር ሊኖር ይችላል። ይህ በ115 ላይ እንዳለ ከሶኬት ጋር ከተገናኘ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያውኑ ይቃጠላል። ስለዚህ ከመሰካት በፊት በካቻቢቴ ጫፍ ወደ 230 ማዞር ያስፈልጋል። በዕቃው ላይ 100-240 ተብሎ ከተጻፈ ራሱ ስለሚያስተካክል ሥጋት የለም። አንዳንድ የአሜሪካ ፕሪንተሮች ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸውና ጽሑፉን ሳያነቡ አይሰኩ።

ከሶኬት ወደ ኮምፒዩተር የሚሄደው ወፍራም ገመድ በኮምፒዩተሩ በኩል ሦስት ቀዳዳ አለው። ይኸው ገመድ ለስክሪንና ለብዙ ፕሪንተሮችም ያገለግላል። ኮምፒዩተሩ አልነሳ ካለ የስክሪኑን ገመድ አምጥቶ መሞከር የመጀመሪያው ምርመራ ነው፤ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ሦስተኛው ሽቦ የመሬት ገመድ ነው። የሣጥኑ ብረት ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሽቦ ከመሬት ጋር አለመገናኘቱን ያመለክታልና በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማሳየት ይገባል። ከዱባይ የሚመጡትን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስፒናዎችም በእንጨት እየጎረጎሩ ማስገባት ለእሳት ይዳርጋልና ተስማሚ አዳፕተር መግዛት ይበጃል።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን ከሶኬት መንቀል፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት መልካም ልማድ ነው። ኃይሉ ሲመለስ ከፍና ዝቅ ማለቱ ዕቃን ይጎዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ኮምፒዩተርን ደርቦ መሰካትም አይገባም።

የስክሪን ገመዶች

ቪጂኤ የሚባለው በአብዛኛው ሰማያዊ ሲሆን፣ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ 15 ቀዳዳዎችና በሁለት ጎኑ የሚጠብቁ ብሎኖች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ቢሆንም በአሮጌ ኮምፒዩተሮችና ፕሮጀክተሮች ላይ ዛሬም አለ። ምስል ብቻ እንጂ ድምፅ አይወስድም። ስክሪኑ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሮዝ ቢያደላ የገመዱ ፒን ታጥፎ ወይም ብሎኑ ላልቶ ሊሆን ይችላልና ስክሪን ለመቀየር አይቸኩሉ።

ኤችዲኤምአይ ጠፍጣፋና ብሎን የሌለው ነው፤ ምስልንም ድምፅንም ይወስዳል። ዲስፕሌይ ፖርት ደግሞ እርሱን ይመስላል፤ ነገር ግን የተቆረጠው አንዱ ማዕዘኑ ብቻ ነው። ብዙ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ዲስፕሌይ ፖርት ስላላቸው ሰዎች ኤችዲኤምአይ ገዝተው ይመለሳሉ። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ለመሄድም ተራ ገመድ አይበቃም፤ ምልክቱን የሚለውጥ ኤሌክትሮኒክስ ያለው ኮንቨርተር ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። አንዳንድ ኮምፒዩተር ጀርባው ላይ የስክሪን ቀዳዳ በሁለት ቦታ ይኖረዋል፤ አንዱ በማዘርቦርዱ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ በተጨማሪው የግራፊክስ ካርድ ላይ። ካርድ እያለ ገመዱ በማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ስክሪኑ ጨለማ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ገመዱን ወደ ታች ማዛወር ብቻ ነው።

ዩኤስቢ፣ ክብ ገመድና ኔትወርክ

ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ። ፍላሽ የምንሰካበት ጠፍጣፋው ታይፕ ኤ፣ በፕሪንተር ጀርባ ያለው አራት ማዕዘን ታይፕ ቢ፣ በአዳዲስ ስልኮች ላይ ያለውና በሁለቱም ፊት የሚገባው ታይፕ ሲ ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ በገበያው ለሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች ታይፕ ሲን ግዴታ አድርጓል። ይሁን እንጂ ሁሉም የታይፕ ሲ ገመድ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል እንጂ ፎቶ አያስተላልፍም። ሲገዙ ሱቁ ውስጥ ይሞክሩት።

በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ያሉት ሁለት ክብ ቀዳዳዎች ፒኤስ ቱ ይባላሉ። ወይን ጠጁ ለኪቦርድ፣ አረንጓዴው ለማውስ ነው። እነዚህን ኮምፒዩተሩ በርቶ ሳለ መንቀልና መሰካት አይገባም። ትንንሾቹ ክብ የድምፅ ቀዳዳዎችም በቀለም ይለያሉ፤ አረንጓዴው ለስፒከር፣ ሮዙ ለማይክሮፎን ነው።

የኔትወርክ ገመድ በውስጡ 8 ሽቦዎች ሲኖሩት ጫፉ አርጄ 45 ይባላል። የስልክ ገመድ ጫፍ ጠበብ ያለ ስለሆነ በኔትወርክ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ግን አይሠራም፤ ፒኖቹንም ሊያጎብጥ ይችላል። የተገጠመ ሁሉ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከጎረቤት ሱቅ ጋር በዚህ ገመድ ለሚገናኙም ርዝመቱ ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም።

በሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?

በየቢሮው ሰው ሣጥኑን በሙሉ “ሲፒዩ” ይለዋል። ሲፒዩ ግን በውስጡ ያለች፣ ስሌቱን የምትሠራ ትንሽ ቺፕ ናት። ሁሉን የሚያገናኘው ሰፊ ሰሌዳ ማዘርቦርድ፣ ለጊዜው የሚያስታውሰው ራም፣ ፋይል የሚቀመጥበት ሀርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ፣ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ይባላሉ።

መርካቶ ተሞክሮ የሠራ ኮምፒዩተር በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ሲናጥ ቆይቶ ቡታጅራ ሲደርስ ባይነሳ አያስደንቅም። ራም ከቦታው ይነሳል፤ ወደ ሀርድ ዲስክ የሚሄደው ቀጭኑ የሳታ ገመድም ይላላል። ኃይሉን ነቅሎ፣ የሣጥኑን ብረት በእጅ ነክቶ፣ ራሙን አውጥቶ ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ማሸት፣ ከዚያም ሁለቱ መያዣዎች “ቀጭ” እስኪሉ መመለስ ነው። ራም ሲገዙ ግን ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 እንደማይተካኩ ይወቁ። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ቦታው ይለያያል። እምቢ ያለውን በኃይል መጫን ማዘርቦርዱን መስበር ነው።

ቀኑና ሰዓቱ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ሲአር 2032 የተባለችው ሳንቲም መሰል የ3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። ቀኑ ሲሳሳት ብዙ የኢንተርኔት ገጾች አይከፈቱም። በዚህች ባትሪ ምክንያት “ቫይረስ ገብቶበታል” ተብሎ የጥገና የተከፈለበት ቤት ጥቂት አይሆንም።

ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን በቤት ውስጥ መክፈት ፈጽሞ አይገባም። ከሶኬት ተነቅሎም ለሕይወት የሚያሰጋ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

የላፕቶፕ ቻርጀር ሲገዙ

ጫፉ ስለገባ ብቻ ቻርጀር አይገዛም። ከአሮጌው ጀርባ ሦስት ነገር ይመልከቱ። ቮልቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ ካነሰ ቻርጀሩ ይግላል። ጫፉም በውፍረቱና በመሐሉ ባለው መርፌ መግጠም አለበት። ለምሳሌ 19.5 ቮልትና 3.34 አምፒር የሚል ቻርጀር የ65 ዋት ነው። ይህን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስቶ ወደ ሱቅ መሄድ ነገሩን ያቀላል።

ከዕቃው ይልቅ ውስጡ ያለው

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ ባቋቋመው የገጠር ጤና ፕሮግራም፣ በ9 የገጠር ቀበሌዎችና በ1 የከተማ ቀበሌ የሚወለደውና የሚሞተው ሰው ለብዙ ዓመታት ተመዝግቧል። የዚያ መዝገብ ዋጋ ከተጻፈበት መሣሪያ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። የቤታችንም እንዲሁ ነው። የልጅ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ዱቤ፣ የሟች ወላጅ ፎቶ በገበያ አይተኩም። ስለዚህ በሌላ ዲስክ ላይ ግልባጭ ይኑር። ሀርድ ዲስኩ “ቀጭ ቀጭ” የሚል ድምፅ ካሰማም ወዲያውኑ አጥፍቶ ለባለሙያ ማሳየት ነው።

ጥገና ለሚሠሩ ወጣቶችም አንድ ቃል እንበል። የቤተሰብ ፎቶና ምስጢር ያለበት ኮምፒዩተር በእጃችሁ ሲገባ አማና ነው። ራሙን ላጸዳችሁለት ሰው “ማዘርቦርድ ቀየርኩ” ብሎ ማስከፈልም አማናውን መብላት ነው። ደንበኛው የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ይዞ እንዲሄድ መስጠት ጥርጣሬን ያርቃል። ባለቤቱም ይህንን መጠየቅ መብቱ ነው።

በመጨረሻም ለወላጆች፦ ኮምፒዩተር ስትገዙ ከነገመዱ፣ በርቶ፣ ስክሪኑና ዩኤስቢው ተሞክሮ ተረከቡ። ገመዶቹንም በየስማቸው ወረቀት ለጥፋችሁ በአንድ ካርቶን አስቀምጡ። ወደ አዲስ አበባ ሰው ስትልኩ አሮጌውን ገመድ አስይዙት። ልጆቻችሁም የየገመዱን ስም ይማሩ፤ ነገ “ተቃጥሏል” የሚል ሲመጣ “የቱ ዕቃ?” ብለው እንዲጠይቁ።