የመጨረሻው ቦኖ ውሃ ለምን ይቀጥናል?

ታንከሩ አጠገብ ያለው ቦኖ ጄሪካኑን ቶሎ ይሞላል፤ የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ግን ክር እስኪመስል ይቀጥናል። ብዙዎቻችሁ "ቫልቭ የሚከፍተው ሰው ያዳላል" ትላላችሁ። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ያለው ቧንቧው ውስጥ ነው።

ውሃውን የሚገፋው የታንከሩ ከፍታ ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ውሃው ሲጓዝ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር እየተፋተገ፣ በየመታጠፊያውና በየቫልቩ እየተጋጨ ግፊቱን ይጨርሳል። መስመሩ በረዘመ ቁጥር ኪሳራው ይጨምራል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የቧንቧው መጥበብ ነው፦ ያንኑ ያህል ውሃ የአፉ ስፋት ግማሽ በሆነ ቧንቧ ብታሳልፉ ኪሳራው ወደ 30 እጥፍ ይደርሳል። የተሰበረን ቧንቧ በቀጭን ጎማ መቀጠል ጥገና የማይባለው ለዚህ ነው። ጠዋት ሁሉም ቦኖ አንድ ላይ ሲከፈትና በዋናው መስመር የሚያልፈው ውሃ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ኪሳራው 4 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ለጤና የሚያሰጋው የግፊቱ መውደቅ ነው። ግፊት ሲኖር ውሃው በቀዳዳው ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ግፊቱ ሲጠፋ ግን በቀዳዳው ዙሪያ ያቆረው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይሳባል። ብዙ ቆሻሻ ከገባ በውሃው ውስጥ ያለው ክሎሪን ያልቅና ተቅማጥ ይከተላል። ስለዚህ ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣውን ለመጠጥ አትቅዱ።

ፈቃደኞች፦ ስፊር የተባለው የእርዳታ መመዘኛ ለአንድ ቧንቧ 250 ሰው የሚለው በደቂቃ 7.5 ሊትር ይፈሳል ብሎ ነው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ለመሙላት ከ2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ በላይ ከፈጀ፣ ሰዓቱንና የቦኖውን ቁጥር መዝግባችሁ ለውሃ ኮሚቴው ስጡ።