ያለ አሲድ የሚጸዳ ላሜራ፤ ትርፉ በዘይቱ በኩል ነው

ሆት ሮልድ ላሜራ ከማዳመጫው ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ጥቁር ቅርፊት ይለብሳል። ቅርፊቱ ሳይነሳ ቀለም ከተቀባ፣ ውሎ አድሮ ሲላጥ ቀለሙንም ይዞት ይሄዳል። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ጥቅሉን በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ገንዳ አሳልፈው ያጸዱታል። የጸዳው ብረት ቶሎ ስለሚዝግ ዘይት ይቀባል፤ ገዢው ደግሞ ቀለም ከማስነካቱ በፊት ይህንኑ ዘይት ለማጠብ ይከፍላል።

በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ሬድ በድ ከተማ የሚገኘው ዘ ማቴሪያል ወርክስ ኩባንያ ኢፒኤስ ባለው ዘዴው አሲዱን በውሃና በደቃቅ የብረት ቅንጣት ተክቷል። ድብልቁ በሚሽከረከሩ መዘውሮች በላሜራው ሁለት ገጽ ላይ ይወረወራል፤ ውሃውም ተጣርቶ ይመለሳል። ላሜራው ያለ ዘይት ዝገትን እንደሚቋቋም ኩባንያው ይገልጻል። ለነጋዴው ዋናው ነጥብ ይኸው ነው። የአካባቢ ጥበቃው ክርክር ሌላ ነው፤ በትልልቅ ፋብሪካዎች ያገለገለ አሲድም ታድሶ ሥራ ላይ ይውላል።

ይሁንና «ያለ አሲድ የጸዳ» የተባለ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የዚሁ ኩባንያ ቀደምት ዘዴ፣ ኤስሲኤስ፣ በብሩሽ የሚሠራ ሲሆን ስስ የቅርፊት ሽፋን ያስቀራል። ለቀለም ይበቃል፤ ዚንክ ለሚነከር ላሜራ ግን አይሆንም። ዋጋ ከመቁረጥ በፊት በብሩሽ ወይስ በቅንጣት እንደጸዳ፣ ዘይት እንዳለውና እንደሌለው በውሉ ላይ ማስጻፍ ያስፈልጋል።