ስለ «ድርድር» እና ስለ ዘመዶቹ፦ በሳይንሳዊ ስሌት ቃላት ስያሜ ላይ የቀረበ ማብራሪያ

1. መነሻ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወጣት ተመራማሪ ስለ ዝናብ መጠን ያዘጋጀውን ጥናት በአማርኛ ለማሳተም ፈልጎ የቃላት ምክር ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። መረጃው በአንድ ትልቅ ሠንጠረዥ የተያዘ ሲሆን ረድፎቹ ቀናትን፣ ዓምዶቹ የመለኪያ ጣቢያዎችን ያመለክታሉ፤ መለኪያው ሳይነበብ ያለፈበት ቀን ደግሞ በ-99 ተመዝግቧል። ወጣቱ የአንዱን ጣቢያ ዓምድ ለብቻው አውጥቶ ድምሩን ለማግኘት እንዲመቸው -99ኙን ሁሉ በ0 ተካው። በኋላ ወደ ዋናው ሠንጠረዥ ተመልሶ የዚያን ጣቢያ ያልተነበቡ ቀናት ሊቆጥር ቢሞክር አንድም አላገኘም። ያልተለካው ቀን ሁሉ ዝናብ ያልጣለበት ቀን ሆኖ ቆየው። የመረጃ ጉድለት በድርቅ ተተካ ማለት ነው።

ስሕተቱ ከምን እንደ መጣ አብረን ስንመረምር ምንጩ የሒሳብ ችሎታ ማነስ ሆኖ አላገኘነውም። የተማረበት የአማርኛ የማስተማሪያ ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን «ቅጂ» በሚል አንድ ቃል ጠርቷቸዋል። ወጣቱም ቅጂውን እንጂ ዋናውን የለወጠ አልመሰለውም።

የስያሜ ሥራ ለባዕድ ቃል የአማርኛ ልብስ ማልበስ ብቻ እንዳልሆነ ይህ አጋጣሚ ያስረዳል። አንድ ሙያ የቆመባቸውን ልዩነቶች የማይጠብቅ ቃል የቱንም ያህል ቢያምር ጎጂ ነው። በዚህ ጽሑፍም «አሬይ» የሚባለውን የስሌት ዕቃና በዙሪያው ያሉትን ጽንሰ ሐሳቦች እያብራራን፣ አሠራሩን ሳይሸፍኑ ሊገልጹ ይችላሉ የምንላቸውን ቃላት ለአንባብያን ውይይት እናቀርባለን።

2. ዕቃው ምንድን ነው?

አሬይ ማለት አንድ ዓይነት የሆኑ ብዙ ቁጥሮች በኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ ውስጥ በሥርዓት ተሰድረው፣ በጋራ ስም ተጠርተው፣ እያንዳንዳቸው በተራ ቁጥራቸው የሚታወቁበት አደረጃጀት ነው። ጽንሰ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በጆን ባከስ መሪነት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሥራ የበቃው ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከመጀመሪያው ጀምሮ እስከ ሦስት አቅጣጫ የሚደርሱ ድርድሮችን ያስተናግድ ነበር። ኬኔት አይቨርሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቁጥሮችን አንድ በአንድ ከመጥራት ይልቅ ድርድሩን እንዳለ በአንድ ምልክት ማዘዝ የሚያስችል የአጻጻፍ ዘዴ አቀረበ።

ዛሬ በሳይንስ ዓለም በስፋት የሚሠራበት ናምፓይ የተባለው የፓይተን ቋንቋ ላይብረሪ የእነዚህ የሁለቱ ወራሽ ነው። ከእርሱ በፊት ጂም ሁጉኒን እ.ኤ.አ. በ1995 ያዘጋጀው «ኑሜሪክ» ነበር፤ ቀጥሎም «ናምአሬይ» የተባለ ሌላ መጣና ተጠቃሚው በሁለት ተከፈለ። ትራቪስ ኦሊፋንት እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱን በአንድ አዋሕዶ ናምፓይን አዘጋጀ፤ 1.0 የሚል ቁጥር የያዘው እትምም በ2006 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመዘገበው የስበት ሞገድ ሲተነተንም ሆነ በ2019 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው የጥቁር ቀዳዳ ምስል ሲቀናበር በዚህ ላይብረሪ ተሠርቶበታል።

3. ስለ ስሙ

ለአሬይ የተሰነዘሩት አማራጮች ብዙ ናቸው። «ረድፍ» ባለ አንድ አቅጣጫውን ይገልጻል፤ ነገር ግን ባለ ሁለቱንና ባለ ሦስቱን ለመሸከም አይችልም። «ሠንጠረዥ» በተቃራኒው ሁለት አቅጣጫ የግድ ይላል። «ሰልፍ» ለጆሮ ይመቻል፤ ሆኖም ቀድሞ የመጣ ቀድሞ የሚስተናገድበት ሌላ የመረጃ አደረጃጀት ስላለና ቃሉም ወረፋን ስለሚያሳስብ ለእርሱ ቢቆይ ይሻላል።

በባለሙያዎች አንደበት አልፎ አልፎ የምንሰማው «ድርድር» የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ሥሩ «ደረደረ» ነው፤ መጻሕፍት በመደርደሪያ ይደረደራሉ፣ በገናም ይደረደራል። በሁለቱም ዘንድ እያንዳንዱ አባል ስፍራውን ጠብቆ የሚገኝበት ሥርዓት አለ፤ የአሬይም ባሕርይ ይኸው ነው። ቃሉ ከ«ተደራደረ» ከሚወጣው፣ የሁለት ወገኖችን ውይይት ከሚያመለክተው ቃል ጋር በጽሕፈት አንድ መሆኑ ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ «የቁጥር ድርድር» ሲባል የሚሸማገል ሰው የሚታየው አንባቢ አይኖርም፤ ዐውዱ ይለየዋል።

«ላይብረሪ» ለሚለው «ቤተ መጻሕፍት» ማለት አያስኬድም፤ መጽሐፍ የለበትምና። «ማኅደር» መልካም ቃል ነበር፤ ነገር ግን «ማኅደረ ትውስታ» በሚለው ስያሜ አስቀድሞ ተይዟል። እኛ «ቤተ ቀመር» የሚለውን እናቀርባለን። «ቤተ ሙከራ» እና «ቤተ መዘክር» በተሠሩበት መንገድ የተሠራ ከመሆኑም በላይ፣ «ቀመር» በቋንቋችን የስሌትን ደንብ ሲገልጽ የኖረ ቃል ነው።

4. ቅርጽና እርምጃ

የድርድርን አሠራር ለማስረዳት ከራሳችን የዘመን አቆጣጠር ምሳሌ እንውሰድ። በባሕረ ሐሳብ 532 ዓመታት ዐቢይ ቀመር ይባላሉ፤ 532 ማለት 28 ጊዜ 19 ነው። ከዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከሚተርፈው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይገኛል፤ ወንበሩን በ11 አባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 አባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ደግሞ መጥቅዕ ነው። ለምሳሌ 2000 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7500 ስለሆነ ወንበሩ 13፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7 ይሆናል።

አሁን ወንበሩ 0 ከሆነበት ዓመት ጀምረን የ532ቱን ዓመታት ቁጥር በአንድ ድርድር እናስቀምጥ። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ቢይዝ ጠቅላላው 4256 ባይት ይሆናል፤ ሁሉም በማኅደረ ትውስታ በአንድ መስመር ተከታትለው ይገኛሉ። ይህን ድርድር ባለ 28 ረድፍና ባለ 19 ዓምድ ለማድረግ አንድም ቁጥር ከስፍራው መነሣት የለበትም። የሚለወጠው በድርድሩ ራስጌ የተጻፈው መግለጫ ብቻ ነው፤ ወደሚቀጥለው ዓምድ ለመሄድ 8 ባይት፣ ወደሚቀጥለው ረድፍ ለመሄድ 19 ጊዜ 8 ማለት 152 ባይት ተራመድ ይላል። ረድፉን ዓምድ፣ ዓምዱን ረድፍ ማድረግ ብንፈልግም 8ንና 152ን ማቀያየር ይበቃል።

እንግዲህ ድርድር ሁለት ነገር ነው፤ በማኅደረ ትውስታ የተዘረጋው ቁጥርና ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ የሚናገረው መግለጫ። «ሼፕ» ለሚባለው «ቅርጽ»፣ «አክሲስ» ለሚባለው «ዘንግ»፣ «ስትራይድ» ለሚባለው «እርምጃ» ማለት ተስማሚ ነው። በተለይ «እርምጃ» እግር አንሥቶ እግር እስከ መጣል ያለውን ርቀት ስለሚያመለክት ሥራውን በትክክል ይገልጻል።

5. ጅምላና ችርቻሮ

ፓይተን ቁጥሮችን አንድ በአንድ በዙር ሲያሰላ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር «ዓይነትህ ምንድን ነው? በምን ደንብ ልደምርህ?» ብሎ ይጠይቃል። በድርድር ግን የሁሉም ዓይነት አንድ ስለሆነ ጥያቄው አንድ ጊዜ ቀርቦ መልሱ ለሁሉም ያገለግላል፤ የቀረው ሥራ ፈጣን በሆነው በማሽኑ ቋንቋ ያልቃል። ገበያ የዋለ ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ አንዱ ችርቻሮ ሲሆን ሌላው ጅምላ ነው። ስለዚህ «ቬክተራይዜሽን» ለሚባለው አሠራር «የጅምላ ስሌት» እንላለን። ጅምላ ግን የራሱ ዕዳ አለው። ሁለት ድርድሮችን አባዝቶ ሦስተኛውን መደመር በተፈለገ ጊዜ የብዜቱ ውጤት ለጊዜው የሚያርፍበት ሌላ ሙሉ ድርድር ይፈጠራል። ድርድሮቹ ትላልቅ ሲሆኑ ጊዜ የሚፈጀው ስሌቱ ሳይሆን ይህ ማመላለስ ይሆናል።

ከዚህ የምንረዳው የፍጥነት ጉዳይ በአብዛኛው የቦታ ጉዳይ መሆኑን ነው። ዋናው ማኅደረ ትውስታ እንደ ጎተራ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ አስሊው ክፍል አጠገቡ «ካሽ» የሚባል ትንሽ ማቆያ አለው። እኛ «ቅርብ ትውስታ» ብለነዋል። ብዙዎቹ ዘመናዊ ማሽኖች ከጎተራው በአንድ ጊዜ 64 ባይት፣ ማለትም 8 ቁጥሮች ያመጣሉ። ቁጥሮቹን በተከታታይ የሚያነብ ስሌት ስምንቱንም ይጠቀምባቸዋል፤ በረጅም እርምጃ የሚዘል ስሌት ግን ከስምንቱ አንዱን ወስዶ ሰባቱን ይጥላል። የዐቢይ ቀመሩ ሠንጠረዥ እንዳለ በቅርብ ትውስታ ስለሚገባ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ሚሊዮን ቁጥሮች ባሉበት ግን እጅግ ይታወቃል።

የማትሪክስ ብዜት የዚህ ዋና ማስረጃ ነው። ባለ 1000 በ1000 የሆኑ ሁለት ማትሪክሶች ሲባዙ የሚነኩት ቁጥሮች ከውጤቱ ጋር 3 ሚሊዮን ሲሆኑ የሚፈጸመው የማባዛትና የመደመር ሥራ ወደ 2 ቢሊዮን ይደርሳል። እያንዳንዱ ቁጥር ደጋግሞ ስለሚፈለግ፣ ጠቢብ ፕሮግራም ማትሪክሶቹን በቅርብ ትውስታ ልክ ይቆርሳቸውና የቀረበውን ጉርሻ ሳይጨርስ ሌላ አያነሣም። «ብላስ» የሚባሉት መሠረታዊ የስሌት ደንቦች በዚሁ መንፈስ አድገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ለቬክተር፣ በ1988 ለማትሪክስና ቬክተር፣ በ1990 ለማትሪክስና ማትሪክስ ወጥተዋል። ናምፓይም የማትሪክስ ብዜቱን የሚያሠራው እንዲህ ላሉ ደንቦች አስረክቦ ነው። ይህን ሥራ ሁሉ «ማቀላጠፍ» ብንለው፣ ውጤቱ ሳይለወጥ ሥራው የሚፈጥንበትን መንገድ ይገልጻል።

6. ቅጂና እይታ

ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። ከድርድር አንዱን ዓምድ በተራ ቁጥሩ ለይተን ስናወጣ ናምፓይ አዲስ ቁጥሮች አይጽፍም፤ በነበሩት ላይ አዲስ መግለጫ ብቻ ያወጣል። ይህ «ቪው» ይባላል። የሚፈለጉትን ረድፎች በዝርዝር ቁጥር ስንጠራ ግን ቁጥሮቹ ተለቅመው በሌላ ስፍራ ይጻፋሉ፤ ይህ «ኮፒ» ነው። የመጀመሪያው ጊዜም ቦታም ይቆጥባል፤ ሁለተኛው ደኅንነት ይሰጣል።

በጽሕፈት ቤት ቋንቋ የደብዳቤ ቅጂ ላይ ቢጻፍበት ዋናው አይነካም። ስለዚህ «ቅጂ» ለሁለተኛው ብቻ ይሁን። ለመጀመሪያው «እይታ» የሚለውን እናቀርባለን። ባለ ሁለት በር ቤት ውስጥ በአንዱ በር ገብቶ ዕቃ ያዘዋወረ ሰው፣ በሌላው በር ለሚገባውም አዘዋውሮበታል፤ በእይታ ላይ የሚጻፍም እንደዚሁ ነው። ቃሉ በተለምዶ አስተያየትን ቢያመለክትም፣ የሚታየው ነገር ከተመልካቹ ውጭ አንድ ሆኖ መኖሩን ስለሚያሳስብ ይሻላል።

ችግሩ የአማርኛ ብቻ አለመሆኑም ሊነገር ይገባል። በናምፓይ ድርድር ሲፈጠር «አትቅዳ» የሚል ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ «ካላስፈለገ አትቅዳ» ማለት ነበር፤ ሳይቀዳ የማይሆን ሲሆን በዝምታ ይቀዳል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በወጣው በ2.0 እትም ግን «አትቅዳ» ቃል በቃል ተወሰደ፤ ሳይቀዳ የማይቻል ከሆነ ፕሮግራሙ ስሕተት መኖሩን ገልጾ ያቆማል። ከመጀመሪያው እትም እስከዚያ 18 ዓመት አልፏል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ቃል «ብሮድካስቲንግ» ነው። ቃሉን ከሬዲዮ ወስዶ «ስርጭት» ማለት ቁጥሮቹ ተባዝተው የተላኩ ያስመስላል። በምሳሌያችን በ532ቱ ዓመታት መስከረም 1 ቀን የሚውልባቸውን ዕለታት በ28 በ19 ሠንጠረዥ ይዘን በላያቸው የ19ኙን ወንበሮች መጥቅዕ መደመር ብንፈልግ፣ 19ኙን ቁጥሮች 28 ጊዜ መጻፍ አያስፈልግም። በረድፍ አቅጣጫ እርምጃቸው 0 ይባልና ያው 19 ቁጥር ለሁሉም ረድፍ ይነበባል። ይህን «ማዳረስ» እንለዋለን፤ ለሁሉ ደረሰ እንጂ ለሁሉ ተቀዳ አያሰኝምና።

7. ማጠቃለያ

እንግዲህ ያቀረብናቸው ቃላት ድርድር፣ ቤተ ቀመር፣ ቅርጽ፣ ዘንግ፣ እርምጃ፣ የጅምላ ስሌት፣ ቅርብ ትውስታ፣ ማቀላጠፍ፣ ቅጂ፣ እይታ እና ማዳረስ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የተሻለ ቃል የተገኘለት ቢኖር ለመለወጥ ዝግጁ ነን። የማንለውጠው አንድ ነገር አለ፤ ቅጂና እይታ በአንድ ስም መጠራት የለባቸውም። የዝናቡን መረጃ ያዘጋጀው ወጣት የመስክ መዝገቦቹ በእጁ ስለነበሩ ያልተነበቡትን ቀናት እንደገና አንድ በአንድ ለይቶ በስፍራቸው መለሰ። መዝገቡ በእጁ የሌለ ሰው ግን ያልተለካውን ቀን ከደረቁ ቀን የሚለይበት መንገድ አይኖረውም። መምህራንና ተርጓሚዎች በእነዚህ ቃላት እየሠሩ የሚያጋጥማቸውን ችግር ቢጽፉልን በሚቀጥሉት እትሞች እንመለስበታለን።