«ባላገር» ስድብ ነውን?

ልጅዎ የብርቱካን ልጣጭ በአውቶቡስ መስኮት ሲወረውር «ምን እንደ ባላገር ያደርግሃል!» ብለው ተቆጥተውት ያውቃሉ? እኔ ብያለሁ። ያውም ከገጠር ልትጠይቀን የመጣች እናቴ ከጎናችን ተቀምጣ። ምንም አልተናገረችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም አለች።

ቃሉ «ባለ» እና «አገር» ከሚሉት የተገጠመ ነው፤ ባለቤት፣ ባለሙያ፣ ባለጸጋ እንደምንለው ሁሉ። እነዚህን በአክብሮት እንጠራለን፤ ባለ አገሩን ግን ለስድብ አዋልነው። በደቡቡ የአገራችን ክፍል እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ብዙው አራሽ ጭሰኛ ነበር፤ ስሙ ባለ አገር፣ መሬቱ የሌላ ሰው።

እኛ ከተሜዎች ደግሞ «ያልሠለጠነ» የሚል ትርጉም ጨመርንበት። እስቲ ያስቡት፤ ባላገር ቤት የመሸበት እንግዳ እግሩ ይታጠባል፤ ልጅ ታላቁን ሲያይ ከመቀመጫው ይነሣል። በአውቶቡስ ለነፍሰ ጡር ወንበር የማይለቀው ማን ነው? የኛው ከተሜ አይደለም እንዴ?

ልጅዎ ቢያጠፋ ጥፋቱን በስሙ ይንገሩት፤ «ልጣጭ መንገድ ላይ አይጣልም» ማለት ይበቃል።

የኔው ልጅ ግን ሰምቶኝ ነበርና «እማማ፣ አንቺ ባላገር ነሽ?» ሲል አያቱን ጠየቃት።

«አዎን ልጄ» አለችውና ሌላ ብርቱካን ላጠችለት። ልጣጩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።