ልጁ ተገኘ፤ ርቀቱስ?

ስለ ኢትዮጵያ አትሌቲክስ ሲወራ ከፍታው ይነሳል፣ እንጀራው ይነሳል፣ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ የሚሮጠው ልጅ ይነሳል። ሜዳሊያ የሚያመጣው ግን ማንም የማያመሰግነው አንድ ሥራ ነው፤ ምልመላ። ከምልመላውም ውስጥ ይበልጥ የተናቀው ልጁ ከተገኘ በኋላ ያለው ክፍል ነው፦ ይህ ልጅ የየትኛው ርቀት ሰው ነው ብሎ መጠየቅ፣ መሞከር፣ ካስፈለገም ከለመደው ርቀት አንስቶ ወደ ሌላ ማዛወር።

መንገዱን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። ልጅ በትምህርት ቤት ውድድር ይታያል፣ ወረዳውን ወክሎ ዞን፣ ዞኑን ወክሎ ክልል ይሄዳል። የተሳካለት በታዳጊዎች ፕሮጀክት ይታቀፋል፤ ወይም እንደ ደብረ ብርሃን፣ እንደ አሰላው ጥሩነሽ ዲባባ ያለ ማሰልጠኛ ማዕከል ይገባል፤ ከዚያ እንደ መቻል፣ ንግድ ባንክና ኢትዮ ኤሌክትሪክ ያለ ክለብ ይወስደዋል።

ሥራው የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኳሱ በእጅ የሚያዝበትን የአሜሪካ ፉትቦል የሚያሠለጥኑ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እየዞሩ ልጆችን በነፃ የትምህርት ዕድል ይወስዳሉ። ሲመርጡ ቁመቱን፣ ፍጥነቱንና እጁን ያያሉ፤ ትምህርት ቤት እያለ የተጫወተበትን ቦታ መቀየር ለእነሱ የተለመደ ነው። በከፍተኛው ሊግም ያው ነው። ጁሊያን ኤደልማን በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ መሪ፣ ማለትም ኳርተርባክ ነበር። የሊጉ ክለብ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ በ2009 ወስዶ ኳስ ተቀባይ አደረገው፤ በ2019 የሱፐር ቦውሉ፣ ማለትም የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) እዚያ ቦታ የቀየረ ተጫዋችን ማንም ወደቀ አይለውም። እኛ ዘንድ ግን ከ1500 ሜትር ወደ መሰናክል የተዛወረ ልጅ ሰፈሩ ሲገባ «አልሆነለትም ማለት ነው» ይባላል። ይህን አባባል ነው መንቀል የምፈልገው።

ርቀት በትውልድ ቦታ እንደማይወሰን ለማየት በደቡብ ጎንደር ያሉት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከ4100 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ተራራ ከላይ አለ፤ ብርዷ የታወቀው ነፋስ መውጫ በወልዲያው መንገድ ላይ ተቀምጣለች፤ የታች ጋይንትና የስማዳ ገደል ደግሞ ወደ በሽሎ ቆላ ይወርዳል። አንድ ዞን ውስጥ ደጋውም ቆላውም፣ ሜዳውም ዳገቱም አለ። ብዙ ሰው «ደገኛ ስለሆነ ረጅም ርቀት ነው» ብሎ ይደመድማል። ከፍታ ሳንባንና ደምን ያግዛል እንጂ ርቀት አይመርጥም። ከአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ልጆች አንዱ የ800፣ ሌላው የ10,000 ሜትር ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

ነፋስ መውጫ ላይ በአንድ የትምህርት ቤቶች ውድድር ያየሁትን ልንገራችሁ። የሴቶች 1500 ሜትር ነበር። ሕዝቡ ሁሉ ማብቂያው መስመር ላይ ተኮልኩሏል። አንድ የስፖርት መምህር ብቻቸውን ከመጨረሻው መታጠፊያ በፊት ቆመው የልጆቹን እግርና ትከሻ ያያሉ። አሸናፊዋን ሲያጨበጭቡላት እሳቸው አምስተኛ የወጣችውን ጠርተው ከሜዳው ዳር ወዳለው የውሃ ቦይ ወሰዷት። ኮንጎ ጫማ ነበር ያደረገችው።

«ሳትቆሚ ዝለይው» አሏት።

«ቲቸር፣ በየትኛው እግር?»

«በመጣልሽ እግር።»

መጀመሪያ በግራ ተነሳች። ሲመልሷት በቀኝ ተነሳች። ሦስተኛው ላይ እርምጃዋን ሳታሳጥር አለፈች። መምህሩ ደብተራቸውን አውጥተው ስሟን ከአሸናፊዋ ስም በላይ ጻፉት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ያቺኛዋ ዛሬ አሸንፋለች፤ ይቺኛዋ ገና ርቀቷን አላገኘችም» አሉኝ።

መምህሩ ያዩትን ለመረዳት 3000 ሜትር መሰናክልን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ውድድር ያለ አግባብ ይናቃል፤ እኔ ግን ከመም ውድድሮች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። በሩጫው ውስጥ 28 ደረቅ መሰናክልና 7 የውሃ ዝላይ አለ፤ በድምሩ 35። እንጨቱ ለወንዶች 91.4፣ ለሴቶች 76.2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። እንደ 110 ሜትር መሰናክል ሲነኩት አይገለበጥም፤ ከባድ ነው፣ የሚወድቀው ሯጩ ነው። የውሃው ጉድጓድ 3.66 ሜትር ይረዝማል። አጭሩን መሰናክል የሚሮጥ ሰው በራሱ መስመር ላይ እርምጃውን ቆጥሮ ይደርሳል። እዚህ ግን ሁሉም አንድ ላይ ተጨናንቆ ስለሚሮጥ ቆጠራ የለም፤ እንጨቱ ከፊት ባለው ሰው ጀርባ ተሸፍኖ ድንገት ይመጣል። በአንድ እግር ብቻ መነሳት የሚችል ልጅ ያ እግር እስኪደርስለት እርምጃውን ይቆራርጣል። በአንዱ መሰናክል የሚያጣው ጊዜ ትንሽ ነው፤ በ35 ሲባዛ ግን ሜዳሊያ ነው። በሁለቱም እግሩ የሚነሳ ልጅ ይህን ሁሉ ያተርፋል። መምህሩ ቦዩ ዳር የፈለጉት ይህን ነበር፤ ለማግኘትም መም አላስፈለጋቸውም።

ኢትዮጵያ በዚህ ውድድር ታሪክ የላትም የሚል ካለ ይስማ። እሸቱ ቱራ በ1980 ሞስኮ ላይ ነሐስ አምጥቷል። ከበሽሎ ማዶ፣ በደቡብ ወሎ ተንታ የተወለደችው ሶፊያ አሰፋ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ሜዳሊያ አግኝታለች። ለሜቻ ግርማ በ2023 ፓሪስ ላይ በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል።

መሰናክል መድረሻ ብቻም አይደለም፤ መነሻም ይሆናል። አልማዝ አያና በ2010 በመሰናክል የዓለም ወጣቶች ክብረ ወሰን የሰበረች ልጅ ናት፤ 9 ደቂቃ ከ22.51 ሰከንድ። ከዚያ ወደ 5000 ሜትር ተዛወረች፤ በ2013 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ፣ በ2015 ወርቅ አገኘች። በ2016 ሪዮ ላይ በሕይወቷ ሁለተኛ የሆነውን የ10,000 ሜትር ውድድር ሮጣ በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ከ1993 ጀምሮ ያልተነካውን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ አሻሻለችው። በወጣትነቷ ክብረ ወሰን በሰበረችበት መሰናክል ላይ «ርቀቷ ይኸው ነው» ተብላ ብትቀር ያ ሩጫ ባልኖረ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው የማሞ ወልዴ ነው። አትሌቲክስ ለሚያሠለጥን ሁሉ ይህ ታሪክ በቃል መጠናት ያለበት ይመስለኛል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ማሞ የሮጠው 800 ሜትር፣ 1500 ሜትርና 4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነበር፤ ከማጣሪያ አላለፈም። በ1964 ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። በ1968 ሜክሲኮ ላይ በ10,000 ሜትር ብር፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ በማራቶን ወርቅ አገኘ። በ1972 ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ የማራቶን ነሐስ ጨመረ። በሜልቦርኑ ውጤት ተመዝኖ ቢመለስ ኖሮ ኢትዮጵያ ከታላላቅ ሯጮቿ አንዱን ባጣች ነበር።

በቅርቡ ደግሞ ትዕግስት አሰፋ አለች። በ2014 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ59.24 ሰከንድ ሮጣለች፤ ሪዮ ኦሊምፒክም የተሳተፈችው በ800 ነው። የተረከዝ ጅማት ጉዳት ከመም አስወጣት፤ ወደ ጎዳና ወጣች። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። ሁለት ዙር ትሮጥ የነበረች ሴት ናት 42 ኪሎ ሜትሩን የገዛችው።

የአልማዝ፣ የማሞና የትዕግስት መንገድ አንድ አቅጣጫ አለው፤ ከአጭር ወደ ረጅም። ፍጥነት በልጅነት ካልተያዘ በኋላ ለማምጣት ያስቸግራል፤ ጽናት ግን በዓመታት ልምምድ ይገነባል። እዚህ ላይ መቆጣት እወዳለሁ። የ16 እና የ17 ዓመት ልጅን ለሽልማት ገንዘብ ብሎ ግማሽ ማራቶን የሚያስሮጥ ሰው ገና ያልተሠራውን ፍጥነት እየቀበረ ነው። በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ ማራቶን በዓመቱ መጨረሻ 20 ዓመት ያልሞላው የማይሰለፈው በከንቱ አይደለም። ዕድሜ መቀነስም የዚሁ ጥፋት ታናሽ ወንድም ነው፤ አሰልጣኙ ልጁን መቼ ወደ ረጅሙ ማሻገር እንዳለበት የሚያሰላው በዕድሜው ነውና፣ ዕድሜው ከተዋሸ ስሌቱም ይዋሻል። ልጁን ሳይጠይቁና ምክንያቱን ሳያስረዱ በአንድ ጠዋት ርቀቱን የሚቀይሩ አሰልጣኞችም ተወቃሽ ናቸው። ዝውውር ጊዜ ይፈልጋል፤ ልጁ ካላመነበት እግሩ አይታዘዝም።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያላችሁ የስፖርት መምህራን፣ ከሦስተኛ በታች የወጡትንም መዝግቡ። አንዱን ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ 400ም፣ 1500ም፣ 3000ም አስሩጡት፤ ቦይም አዘልሉት፤ ሰዓቱን ከስሙ አጠገብ ጻፉ። መልማይ ሲመጣ ዋንጫውን ብቻ ሳይሆን ያን ደብተር አሳዩት። ወላጆችም ልጃችሁ «ርቀት ቀየሩኝ» ብሎ ሲመጣ አትዘኑ፤ ለየትኛው ርቀት እንደሚሆን ገና እየፈለገለት ያለ አሰልጣኝ አግኝቷል ማለት ነው።