ቴራፒስቶቹ እነማን ናቸው? ሥራቸውስ?

አሜሪካ ውስጥ ተለቅ ያለ ከተማ ሁሉ የማኅበረሰብ የምክር አገልግሎት ማዕከል አያጣም። ሕንፃው ብዙ ጊዜ ዓይን የሚስብ አይደለም፤ ከጥርስ ሐኪምና ከግብር አስሊ ቢሮ ጋር አንድ ኮሪደር ይጋራል። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የባለሙያዎቹ ፎቶ ተደርድሯል። ከእያንዳንዱ ስም ቀጥሎ ሦስትና አራት የማዕረግ ፊደላት፣ ከሥሩ ደግሞ የሚሠሩበት ዘዴ ተጽፏል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሲያትል የሚኖር ወገናችን፣ ለዓመታት ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘውን ሊናገር በስንት ጉትጎታ እዚህ ቢደርስ ማንን እንደሚመርጥ ግራ ይገባዋል። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ከዘዴው ይልቅ ሰውየውን ይምረጥ። ለምን እንደዚያ እንደምል ዘዴዎቹን ካየን በኋላ ይገባል።

በ1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች ከ550,000 በላይ ሰዎች ተኝተው ነበር፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ከገቡ በኋላ የመውጣት ተስፋ አልነበራቸውም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሕሙማን በየሰፈራቸው የሚታከሙባቸው ማዕከሎች እንዲሠሩ ገንዘብ የሚመድበውን ሕግ የፈረሙት ኦክቶበር 31 ቀን 1963 ነው፤ ሊገደሉ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀራቸው። ነገሩ ለእሳቸው የቤት ጉዳይም ነበር። እህታቸው ሮዝመሪ በ1941 በተደረገላት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ክፉኛ ተጎድታ ቀሪ ዘመኗን በተቋም ውስጥ ነው የገፋችው። 1,500 ያህል ማዕከሎች እንዲከፈቱ ታቅዶ ግማሽ ያህሉ ብቻ ተሠሩ። ከቀረው ክፍተት የተወሰነውን አብያተ ክርስቲያናት፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሸፈኑት። ዛሬ ማዕከሎቹ አንድ ወጥ መልክ የሌላቸው ለዚህ ነው።

ወደ ፊደላቱ እንመለስ። ሳይካትሪስት ማለት ሕክምና ተምሮ በአእምሮ ሕመም የሠለጠነ፣ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው። በእነዚህ ማዕከሎች ቢገኝም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቅ የሚል ነው። ሳይኮሎጂስቱ በሥነ ልቦና ዶክትሬት የያዘ ነው። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚሸከሙት ግን ማስተርስ ያላቸው ሶሻል ወርከሮች፣ የትዳርና የቤተሰብ ቴራፒስቶች እንዲሁም ካውንስለሮች ናቸው። ትምህርታቸውን ጨርሰው ሙሉ ፈቃድ የሚጠብቁ ተለማማጆችም አሉ። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ አንድ የትዳርና የቤተሰብ ቴራፒስት ፈቃድ ለማግኘት በአንጋፋ ባለሙያ ክትትል 3,000 ሰዓት መሥራት አለበት። ተለማማጅ ነው ብሎ የሚሸሽ ሰው ይሳሳታል ባይ ነኝ። ጉዳዩን ከአለቃው ጋር በየሳምንቱ ስለሚመክርበት በአንድ ዋጋ ሁለት ጭንቅላት ያስባል፤ ዋጋውም ቢሆን አነስተኛ ነው። ክፍያው በብዙ ማዕከሎች በገቢ መጠን ይሰላል፤ የደመወዝ ወረቀት ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ቀን በቅጽ ይጀምራል። ከቅጾቹ አንዱ ዘጠኝ ጥያቄ አለው፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነበር የሚል። መልሱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከፍተኛው ድምር 27 ነው። የአማርኛው ቅጂ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ድብርትን ለመለየት ብቁ ሆኖ ስለተገኘ፣ በአማርኛ ስጡኝ ማለት ነውር የለበትም። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። ብዙ ሰው ፖሊስ ይጠሩብኛል ብሎ «በፍጹም» የሚለውን ያከብባል። ሐሳቡ መምጣቱን መናገር ብቻውን ሆስፒታል አያስገባም፤ ቴራፒስቱ አስቀድሞ የሚያጣራው ሐሳብ ብቻ ነው ወይስ ዕቅድም አለ የሚለውን ነው።

በግድግዳው ላይ በብዛት የሚነበበው ዘዴ የአስተሳሰብና የባሕርይ ቴራፒ ነው። አባቱ የፊላዴልፊያው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ ነው። ቤክ የሠለጠነው በፍሮይድ መንገድ ቢሆንም፣ የተጨነቁ ሰዎች ከስሜታቸው በፊት ሽው የምትል ሐሳብ እንደምትቀድማቸው አስተዋለ። ዘዴውን በ1960ዎቹ አበጅቶ፣ 100 ዓመት ሞልቶት በ2021 ነው ያረፈው። ሥራው በወረቀት ላይ ሲታይ እንዲህ ነው። አረጋውያንን በየቤቱ እየዞረች የምትንከባከብ አንዲት ሴት ጎንደር ላለች እህቷ ደውላ ሁለት ቀን አልተነሳላትም እንበል። ቴራፒስቷ ወረቀቱን በዓምድ ትከፍለዋለች። የሆነው ነገር፦ ስልክ አልተነሳም። ስሜት፦ ሐዘን፣ ከመቶ 80። ሐሳብ፦ «ብር ስላልላክሁ ጠልታኛለች።» ይህን የሚደግፍ ማስረጃ፦ ባለፈው ወር አልላክሁም። የሚቃወም ማስረጃ፦ እሑድ ዕለት ስለ ልጄ ጤና ጠይቃኛለች፤ መብራትም ይጠፋል። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ሴትዮዋ ራሷ «ለምን እንዳላነሳች አላውቅም» ብላ ትጽፍና ሐዘኗን እንደገና ትመዝናለች፤ ወደ 45 ይወርዳል። ቴራፒስቷ «አይዞሽ፣ ትወድሻለች» አላለቻትም። ማስረጃ ብቻ ነው ያስቆጠረቻት። የቤት ሥራው ለእህቲቱ መልእክት ልኮ በቀጥታ መጠየቅ ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 በሚሆን ቀጠሮ ያልቃል። ቅር የሚለኝ፣ ሁለት ፈረቃ ሠርቶ የሚመጣ ሰው ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ሊሆንበት መቻሉ ነው። የቤት ሥራ የማይወድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢናገር ይሻላል።

ከዚህ ጋር ጎን ለጎን የካርል ሮጀርስ መንገድ አለ። ሮጀርስ በ1945 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የምክር ማዕከል አቋቁሞ የሠራ ሰው ነው። የንግግር ሕክምናን በድምፅ ቀርጾ ለጥናት በማቅረብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ «ታካሚ» የሚለውንም አጠራር በ«ደንበኛ» ተክቷል። መንገዱ ምክር አይሰጥም። አጥብቆ ይሰማል፣ የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ ያቀርባል፣ አይፈርድም። የእኛ ሰው ዋና ቅሬታ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፦ «ገንዘቤን ከፍዬ ዝም ብላ ትሰማኛለች!» እውነቱን ነው፤ በሽማግሌ ያደገ ሰው ነውና። ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ሰምቶ «አንተም ተው፣ አንቺም ቻይው» ይላል፤ ፍርድ ይሰጣል፤ ካሳ ያስቆርጣል። የነፍስ አባትም ንስሐ ይቀበላሉ፣ ቀኖና ይሰጣሉ። ቴራፒስት ግን በአሠራሩ ዳኛ አይደለም። ምን ላድርግ ሲባል «አንተስ ምን አሰብህ?» የሚለው መልስ ሽሽት አይደለም። ውሳኔው የባለጉዳዩ እንዲሆን ስለሚፈለግ ነው።

የባልና ሚስት ሥራ ላይ ደግሞ ስሜትን መሠረት ያደረገው ቴራፒ ጎልቶ ይታያል። በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ ሱ ጆንሰን ከሌስሊ ግሪንበርግ ጋር ያዳበረችው ነው። ሚስት «ማታ ማታ ከስልክህ ጋር ነህ» ትላለች፤ ባል ዝም ይላል። ድምጿ ከፍ ሲል እሱ ይነሳና ይወጣል። ቴራፒስቱ ስለ ስልኩ አንድ ቃል አይናገርም። ባልየውን «አሁን ስትጮህብህ ደረትህ ውስጥ ምን ተሰማህ?» ይለዋል። ከረጅም ዝምታ በኋላ «የማልረባ መስሎ ተሰማኝ» ይላል። ሚስቲቱንም «ይህን ሰምተሽው ታውቂያለሽ ወይ?» ይላታል፤ አታውቅም። ያሳደደችው ስለራቃት ነው፤ የራቀውም ስላሳደደችው ነው። አንዱ የሌላው ጠላት አይደለም፤ የሁለቱም ጠላት ይህ ክብ ነው። እንደ እኔ ለስደተኛ ትዳር ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም፤ «ማን አጠፋ?» የሚለውን ጥያቄ ጥሎ ነው የሚጀምረውና።

ቤተሰብ ከነልጆቹ ሲመጣ የሳልቫዶር ሚኑቺን ትምህርት ይመጣል። በአርጀንቲና የተወለደው ሚኑቺን ከ1960ዎቹ አንሥቶ ኒው ዮርክና ፊላዴልፊያ ውስጥ በድህነት ከሚኖሩ ቤተሰቦች ጋር ሠርቷል። ከሁሉ አስቀድሞ ያይ የነበረው ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ነው፤ አንዳንዴም ተነስቶ ወንበር ያቀያይር ነበር። እንግሊዝኛ የማትችል እናት አሥራ ሁለት ዓመት የሞላውን ልጇን ባንክ፣ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ለአስተርጓሚነት ይዛው ትዞራለች። ልጁ የቤቱን ዕዳና የእናቱን ሕመም ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ «በጊዜ ግባ» ስትለው አይሰማትም። በሚኑቺን ዓይን ይህ ልጅ ባለጌ አይደለም፤ ከደረጃው በላይ ተሹሟል። ሕክምናው ሹመቱን ማውረድ ነው።

ጦርነት፣ እስር፣ በሊቢያ በረሃ የሚደረግ ጉዞ ያቆሰለው ሰው ደግሞ በዓይን እንቅስቃሴ የሚሠራውን ዘዴ ያገኛል። ፍራንሲን ሻፒሮ የተባለች አሜሪካዊት በ1987 የጀመረችው ነው። ባለጉዳዩ ክፉውን ትዝታ በሐሳቡ ይዞ የቴራፒስቷን ጣት ግራና ቀኝ በዓይኑ ይከተላል። ሲያዩት ጥንቆላ ይመስላል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 መመሪያው ለከባድ የስሜት ቁስል ይጠቅማሉ ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ ነው። የሚያድነው የዓይኑ እንቅስቃሴ ነው ወይስ ትዝታውን ደፍሮ መጋፈጡ በሚለው ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ። ትልቅ ጥቅሙ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መተረክ የማይችል ሰው ሳይተርክ መሥራት መቻሉ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፍ። ለመጠጥና ለሱስ ዊሊያም ሚለር በ1983 ያቀረበው የማነሳሻ ቃለ መጠይቅ አለ፤ ተው ተው ከማለት ይልቅ ሰውየው ራሱ የመተውን ምክንያት እንዲናገር ያደርገዋል። ትናንሽ ልጆች የሚታከሙት በአሻንጉሊትና በአሸዋ ሣጥን ነው፤ በጨዋታ የሚያሳዩት በቃል ከሚናገሩት ይበልጣልና።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ሶል ሮዘንዝዋይግ የተባለ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት በ1936 ዘዴዎቹ ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት የሚያመጡት የጋራ ነገር ስላላቸው ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በ1977 ሜሪ ስሚዝና ጂን ግላስ 375 ጥናቶችን ደምረው ሲያሰሉ ሁለት ነገር አገኙ፤ ቴራፒ ይሠራል፣ በዘዴዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትንሽ ነው። ከዚያ ወዲህም ክርክሩ አልቆመም፤ ነገር ግን በባለጉዳዩና በቴራፒስቱ መካከል ያለው መተማመን የውጤቱ ጥሩ ጠቋሚ መሆኑ ደጋግሞ ታይቷል። ሰውየውን ይምረጥ ያልሁት ለዚህ ነው። የዘዴው ልዩነት ወሳኝ የሚሆንባቸው ሕመሞች ግን አሉ። እጁን እስኪላጥ የሚታጠብ፣ በሩን አሥር ጊዜ እየተመለሰ የሚፈትሽ ሰው የሚያስፈልገው የሚፈራውን እየተጋፈጠ ከድርጊቱ የሚታቀብበት ልዩ ሕክምና ነው። ሮጀርስን ብቻ የሚያውቅ ደግ ሰሚ እዚህ ላይ አይበቃም። የስሜት ቁስልም እንዲሁ ለእሱ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል።

የቀረው የሚስጥር ነገር ነው፤ ለእኛ ሰው ከዘዴው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ቴራፒስት የሰማውን ለትዳር ጓደኛም፣ ለአሠሪም፣ ለቤተ ክርስቲያንም እንዳይናገር ሕግ ያስረዋል። ወሰን ግን አለው። ራስን ወይም ሌላ ሰውን የመግደል ቁርጥ ሐሳብ ካለ፣ ወይም ሕፃን ከተጎዳ ዝም ማለት አይችልም። ልጅን በቀበቶ መግረፍ አገር ቤት ቅጣት ሊባል ይችላል፤ እዚህ ግን ቴራፒስቱ ለመንግሥት እንዲያሳውቅ ሊያስገድደው ይችላል። ይህን አስቀድሞ አውቆ መግባት ይሻላል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማዕከል አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጅን ማስተርጎም አይገባም። አስተርጓሚው የሰፈር ሰው እንዳይሆን የፈለገ ከሌላ ክፍለ ሀገር በስልክ የሚሠራ ይሰጠኝ ማለት ይችላል። አበሻ ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ እኔ ይህንኑ ነው የምመክረው።

ቀጠሮ ለመያዝ ሲደውሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የእኔን ዓይነት ችግር ስንት ጊዜ ሠርተውበታል? አንድ ቀጠሮ ምን ይመስላል? መሻሻሌን በምን እናውቃለን? በቅጡ የማይመልስ ካለ ይለፉት። ከሦስትና ከአራት ቀጠሮ በኋላ ካልተግባባችሁ ሌላ ሰው ይሰጠኝ ይበሉ፤ ማዕከሎቹ ጥያቄውን ለምደውታል፣ ቂም አይያዝበትም። ቀጠሮ እስኪደርስ የማያስጠብቅ ችግር ከሆነ ደግሞ 988 ላይ ይደውሉ፤ ቀንም ሌትም ይነሳል።