ባክቴሪያም ኮፒ አድርጎ ሼር ያደርጋል



በቅርቡ አንዲት እህታችን በከፍተኛ ትኩሳትና በጎን ሕመም መጣች። መጀመሪያ ሽንት ሲያቃጥላት ቤት ውስጥ የተረፈ ኮትራይሞክሳዞል (ብዙዎቻችሁ ባክትሪም ብላችሁ የምታውቁት) ነበር፣ እሱን ጀመረች። ሁለት ቀን ቀለል ሲላት ተወችው። በሳምንቱ ሕመሙ ተመልሶ ኩላሊቷ ድረስ ወጣ። የሽንት ካልቸር አዘዝን። ውጤቱ፦ ኢ.ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ባክትሪም አይገድለውም፣ አሞክሳሲሊን አይገድለውም፣ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው መርፌም አይገድለውም።

"ዶክተር፣ እኔ እኮ ይሄን መርፌ በሕይወቴ ተወግቼ አላውቅም! ሰውነቴ ያልወሰደውን መድኃኒት እንዴት ሊለምድ ይችላል?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ግን መድኃኒቱን የተላመደው ሰውነቷ አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው። ለዚህም ነው አንቲባዮቲክ ቀምሶ የማያውቅ ሰው እንኳ መድኃኒት የተላመደ ጀርም ከሌላ ሰው ሊይዘው የሚችለው።

ባክቴሪያው ይህን ከየት አመጣው? ኢ.ኮላይ ምግብና ሙቀት ከተመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ ራሱን ኮፒ አድርጎ ሁለት ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ አንዱ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ያልፋል። በተካፈለ ቁጥር 4.6 ሚሊዮን ገደማ "ፊደላት" ያሉትን ዘረመሉን ይገለብጣል። ስትገለብጡ አንዳንዴ ፊደል እንደምትስቱት እሱም ይስታል። አብዛኛው ስህተት አይጠቅመውም። አልፎ አልፎ ግን ከመድኃኒት የሚያስመልጥ ስህተት ይፈጠራል። ያኔ መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል ያ አንዱ ይተርፋል፣ ይባዛል። ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ይሄው ነው፤ ሚሊዮን ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም፣ እኛው ሆድ ውስጥ እየተካሄደ ነው።

የሚገርመው ግን ባክቴሪያ የራሱን ስህተት ብቻ አይጠብቅም። ከጎረቤቱ ይቀበላል።

ብዙ ባክቴሪያዎች ከዋናው ዘረመላቸው ሌላ ፕላስሚድ የሚባል ትንሽ ክብ የዘረመል ቁራጭ ይይዛሉ። አንዱ ባክቴሪያ ቀጭን ክር መሰል ነገር ዘርግቶ ሌላውን ወደ ራሱ ይስብና የፕላስሚዱን ኮፒ ያስተላልፍለታል። የራሱ አይጠፋበትም፤ ቴሌግራም ላይ ፋይል ፎርዋርድ ስታደርጉ ከእናንተ ስልክ እንደማይጠፋው ማለት ነው። ተቀባዩ የግድ ዘመዱ መሆን የለበትም። አሜሪካዊያኑ ጆሹዋ ሌደርበርግና ኤድዋርድ ታተም ባክቴሪያዎች ዘረመል እንደሚለዋወጡ ያሳወቁት በ1946 ነው (የዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ አራት ዓይነት መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ ተላምዶ ሲገኝ ሐኪሞቹ ግራ ገባቸው። በ1959 የጃፓን ተመራማሪዎች ይህ ችሎታ ከኢ.ኮላይ ወደ ሺጌላ በቀጥታ እንደሚተላለፍ አሳዩ። አራቱም አንድ ላይ፣ በአንድ ጥቅል!

የእህታችን ጥያቄ መልስም እዚህ ጋ ነው። አንድ ፕላስሚድ ባክትሪምንም ሴፍትሪያክሶንንም የሚያመክኑ ዘረመሎችን አብሮ ሊይዝ ይችላል። ባክትሪሙን ስትውጥ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ሞቱ፤ ጥቅሉን የያዙት ሰፊ ቦታ አገኙ። አንዱን መድኃኒት በመውሰድ ያልወሰደችውን መርፌ ጭምር የሚቋቋሙትን መርጣ አሳደገች ማለት ነው። ጥቅሉ መጀመሪያ በምግብ፣ በውሃ ወይም በእጅ ንክኪ ገብቶ አንጀቷ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ለጉንፋን አንቲባዮቲክ አትግዙ። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ መድኃኒቱ የሚገድለው ሆዳችሁ ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ነው፣ ጥቅል የያዙት ግን ይቀራሉ። "ለእኔ ሠርቶልኛል" ብላችሁ የተረፈ ክኒን ለጎረቤት አትስጡ። ሐኪም ካዘዘላችሁ መጠኑንና ቀኑን ራሳችሁ አትቀንሱ፤ ካልተስማማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ከሽንት ቤት በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ደግሞ ጥቅሉ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ይዘጋል (ቀላል ስለሆነ ነው መሰለኝ የምንንቀው)። ሽንት ማቃጠል ከትኩሳት፣ ከብርድ ብርድ ማለት ወይም ከጎን ሕመም ጋር ከመጣ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ታዩ።

እህታችን ሆስፒታል ተኝታ ሜሮፔነም በሚባል ውድ መርፌ ታክማ ዳነች። ስትወጣ "አሁን ይሄ ባክቴሪያ ከውስጤ ጠፋ?" ብላ ጠየቀችኝ። ከሽንቷ ጠፍቷል። አንጀቷ ውስጥ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ መድኃኒት ካልነካካው ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ በሌሎቹ ይተካል። የካልቸሩን ውጤት በስልኳ ፎቶ አንስታ እንድታስቀምጥና ወደፊት የትም ብትታከም መጀመሪያ እሱን እንድታሳይ ነገርኳት።